ከደኑ በታች ያለው ባዶ መሬት

ዛፍ እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መሥሪያ ቤታችን ውስጥ «ዛፍ ጠሏ» የሚል ስም ስለወጣልኝ ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ችግኝ ይዘው ፎቶ ከመነሳት በቀር ዛፍ ሥር አረፍ ብለው እንኳ የማያውቁ ናቸው። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን ግማሹን ያሳለፍኩት ዛፍ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ወደ ላይ ሳይ ነው። ስለዚህ ስቆጣ ማንም አይፍረድብኝ። የምቆጣው በምወደው ነገር ስለቀለዱበት ነው።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። አዳማ ታክሲ ተራ ላይ የማገኛቸው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ «ምን ላይ ነሽ?» ሲሉኝ «ደን ላይ» እላለሁ። «አዳማ ደግሞ ደን የት አለ?» ብለው ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፤ አዳማ ያለው ነፋስና አቧራ ነው። ቢሮዬ አዳማ ይሁን እንጂ የምሠራው ግን የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ይዘው በሚሄዱት ተራሮች ላይ፣ ድሮ በተተከሉት የፈረንጅ ጥድና የባሕር ዛፍ ደኖች ውስጥ ነው። የምለካውም ዛፉ ስንት ጣውላ እንደሚወጣው አይደለም። ቢነድ እንዴት እንደሚነድ ነው የምለካው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደን ውስጥ የገባ እሳት መሬት ለመሬት እየሄደ ሣሩንና የረገፈውን ቅጠል ብቻ ከበላ፣ ሰው ተሰብስቦ በእርጥብ ቅጠል ደብድቦ ያጠፋዋል። ወደ ዛፉ አናት ከወጣ ግን ማንም አያቆመውም፤ ከአናት ወደ አናት እየተሻገረ ነፋሱ በመራው በኩል ይሄዳል። መውጣት አለመውጣቱን የሚወስኑት ጥቂት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል? ከሥሩ የደረቀ ነገር ተንጠልጥሏል ወይ? አናቱ ላይ ያለው ቅጠል ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሏል? የአንዱ ዛፍ ቅጠል የሌላውን ይነካል ወይ? ይህን ነው የምለካው። ሜትርና ከፍታ መለኪያ ይዤ እዞራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ መሬት ላይ ተጋድሜ በአጭር ቱቦ ወደ ላይ እያየሁ፣ ቅጠል የታየኝንና ሰማይ የታየኝን እለያለሁ። መንገደኛ ሲያየኝ የታመምኩ መስሎት ውሃ ሊያጠጣኝ የመጣበት ጊዜ አለ።

ይህ የምጽፈው ነገር የሆነባት ከተማ ከመቂ አልፎ ወደ ቡልቡላ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥለው የሚገቡባት ናት። ስሟን አልጽፍም። ከከተማዋ በላይ ተራራ አለ፤ ተራራው ላይ የጥድ ደን አለ፤ ከደኑ ግርጌ ደግሞ የከተማዋ የመጨረሻ ረድፍ ቤቶች አሉ። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሞጆ የከባድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ለሹፌሮች ምሳ እያበሰለች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፤ ሲደክማት «ጭስና ጥሩምባ በቃኝ» ብላ ወደዚህች ከተማ መጣችና በጭቃና በባሕር ዛፍ ቤቷን ሠራች። በወጣትነቷ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውል ስለነበር አሁን ጉልበቷ እንደ ልብ አይታጠፍም። ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ለመድረስ መንገድ ላይ እየተቀመጠች ማረፍ አለባት። መንገዱም አንድ ነው፤ እሱም በደኑ ግርጌ ነው የሚያልፈው።

ቤቷን ስትሠራ በደኑና በቤቶቹ መካከል ሰፊ ባዶ መሬት ነበር። ዝም ብሎ ባዶ የሆነ መሬት አልነበረም። ደኑን ያስተከሉት የድሮ ሰዎች እሳት ቢነሳ ወደ ቤቶቹ እንዳይሻገር ሆን ብለው የተዉት ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር ይጠረግ ነበር፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰርግ ሲኖር ዳስ ይጣልበታል። ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ ወጡ፣ ሞቱም። ለሌላው ሰው ባዶ መሬት ባዶ መሬት ነው።

ከዚያ የችግኝ ተከላ መጣ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ለተከላው የተፈለገው ቦታ ለአስፋልት የቀረበ፣ የእንግዳ መኪና የሚደርስበት፣ ዳገት የሌለው፣ ጫማ የማያበላሽ ቦታ ነበር። ይኸው ቦታ ተገኘ። ከተራራው ጀርባ ጎርፍ የቦረቦረው፣ ዛፍ አጥቶ የሚያለቅስ መሬት አለ፤ እዚያ ለመድረስ ግን ዳገት በእግር መውጣት ያስፈልጋል። እናም እሳት እንዳይሻገር በተተወው መሬት ላይ ጥድና ግራቪሊያ ተደርድሮ ተተከለ። ታፔላ ቆመ። ከብት ችግኙን እንዳይበላው ቦታው ታጠረ። ከብት ሲከለከል ሣሩ አደገ። እኔ ሁለት ዓመት ያህል ወደዚያ ሳልሄድ ቆይቼ፣ ለልኬት ሄጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሣሩ ደርቆ ወገቤ ድረስ ቆሟል፤ ጥዶቹም ከሣሩ በላይ አናታቸውን ብቅ አድርገዋል። ደኑን ከአክስቴ አጥር ጋር አገናኝተውት አረፉ።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ሁለት ክረምት ሆነው። አያምርም?» አለችኝ፤ አጥሯ ላይ ተደግፋ የራሷ እርሻ ይመስል በኩራት እያየችው። «አቧራው ቀረልን። ድሮ ያሰጣሁት ልብስ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ብሶ ነበር የሚገባው።»

«መነቀል አለበት።»

«ምኑ?»

«ችግኙ። ሣሩም መታጨድ አለበት። እሳት ቢነሳ በዚህ በኩል ነው የሚመጣብሽ።»

ዞር ብላ ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? የበቀለ ንቀሉ እንድትይ?» አለችኝና ወደ ቤት ገባች። ያን ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ እንኳ አላናገረችኝም።

ደኑ ውስጥ ደግሞ የባሰ ጠበቀኝ። ጥድ ሲያድግ የታችኞቹ ቅርንጫፎቹ ብርሃን ያጣሉ፣ ይደርቃሉ፣ ግን አይወድቁም። ድሮ የሰፈሩ ሴቶች ለማገዶ እየሰበሩ ስለሚወስዷቸው ሰው እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት በታች ደረቅ ቅርንጫፍ አይገኝም ነበር። «ደን መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ጥበቃ ከቆመ ወዲህ ግን የደረቀው ሁሉ ከመሬት ጀምሮ እስከ አረንጓዴው ድረስ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በዛፎቹ መካከል ሳልፍ ዓይኔን እንዳይወጋኝ ክንዴን ፊቴ ላይ ጋርጄ ነበር የምሄደው። በሙያችን እንዲህ ያለውን የእሳት መሰላል እንለዋለን። ተጋድሜ በቱቦዬ ወደ ላይ ሳይ ደግሞ ሰማይ የሚባል ነገር በጭንቅ ነው የማገኘው። ለጥበቃ ተብሎ የተዘጋ ደን ለእሳት ተዘጋጅቶ ነበር።

ይህን በግምት ብቻ ብናገር ማንም እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። አናቱ ላይ ምን ያህል የሚነድ ነገር እንዳለ ለማወቅ ጥቂት ዛፍ መቁረጥ ያስፈልጋል። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ጭራሮ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል፤ ስለ ቀሪው ደን መገመት የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ውጭ አገር የተሠራ ስሌት አለ፤ የተሠራው ግን በእነሱ ዛፍና በእነሱ ዝናብ ነው። ስለዚህ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሦስት ዛፍ ጠየቅሁ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የተማረ፣ ሰው አክባሪ፣ ከወንበሩ ተነስቶ የሚጨብጥ ሰው ነው። የምነግረው ነገር ደግሞ በደንብ ይገባዋል፤ እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ያልገባው ሰው ሲከለክል ታስረዳዋለህ፤ የገባው ሰው ሲከለክል ምን ታደርገዋለህ?

«እህቴ» አለኝ፤ «ሰው ሁሉ ዛፍ በሚተክልበት ጊዜ እኔ ቁረጡ ብዬ ልፈርም? ነገ አንዱ ፎቶ አንስቶ ቢለጥፈውስ?»

«ሦስት ዛፍ እኮ ነው። ለልኬት ነው።»

«ሦስትም ሠላሳም ያው ነው። ያስቆረጠው እሱ ነው እባላለሁ።»

«እሺ፣ ባዶው መሬትስ? ቢያንስ ሣሩ ይታጨድ።»

«አጫጆቹ ችግኝ ቢቆርጡስ?»

«ችግኙ ራሱ እዚያ መኖር አልነበረበትም።»

ፈገግ አለ። «እሱን እንዳልሰማሁት ቁጠሪው» አለኝና ስልኩን አነሳ።

በሩን ከኋላዬ ወርውሬ ከዚያ ቢሮ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ያገኘኋት የሥራ ባልደረባዬ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ የመለስኩላትን አሁን ለመጻፍ አፍራለሁ። ከንፈሯን መጠጠችልኝ። እኛ ቢሮ ከንፈር የሚመጥ ሞልቷል።

ክረምት ገባና የዓመቱ የተከላ ቀን ደረሰ። በዋዜማው አክስቴ ቤት አድሬ ጠዋት በመጥረቢያ ድምፅ ነቃሁ። ወጥቼ ሳይ ከደኑ ጠርዝ ጥድ እየተገነደሰ ነው። አንድም ሁለትም አይደለም፤ ቀጥ ቀጥ ያለው እየተመረጠ ነው።

«ይኼ ለምንድን ነው?» አልኩት አንዱን ቆራጭ።

«ለዳሱ ነዋ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «እንግዶቹን ዝናብ እንዳይመታቸው።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ዛፍ ሊተክሉ ለሚመጡ ሰዎች መጠለያ ዛፍ ይቆረጣል። ማን ፈረመ? ማንም አልፈረመም። ለዳስ ፊርማ አያስፈልግም፤ ፊርማ የሚያስፈልገው ለልኬት ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን የደስታ አልነበረም። ቆራጩም ፈርቶኝ ነው መሰል ፈቀቅ አለ።

ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ሰዎቹ ግንዱን እየተሸከሙ ሲወስዱ አናቱን እዚያው ጥለውት ነው የሚሄዱት። እኔ የሚያስፈልገኝ ደግሞ አናቱ ነው። ከአክስቴ ቤት ባዶ ማዳበሪያ ለመንኩና ተንበርክኬ ቅጠል መልቀም ጀመርኩ። ከታች ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ነው፤ አለቃዬ ስለ ዛፍ ፍቅር ሲናገር ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ ዳሱን ካቆሙት ጥዶች አናት ላይ ቅጠል እነጫለሁ። ያን ዕለት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ዝናቡ ጀርባዬን እየመታኝ ነበር። እንዲያ ተናድጄም ቅጠሉን በሥርዓት ለየሁ፤ የደረቀውን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ፣ የእያንዳንዱን ዛፍ በየማዳበሪያው አሰርኩ።

ማዳበሪያዎቹን ሚኒባስ ላይ ሳስጭን ረዳቱ አንዱን ከፈት አድርጎ አየና «እትዬ፣ ጥድ የሚበላ በግ አለሽ እንዴ?» አለኝ። አብሬው ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም። አዳማ ስደርስ ደግሞ የቢሮው ማድረቂያ ምድጃ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ይጠገን የሚል ሰው የለም። ሰፈሬ ያለውን ዳቦ ቤት ለመንኩት። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ዳቦው ከወጣ በኋላ በቀረው ሙቀት ቅጠሌን እንዳደርቅ ፈቀደልኝ። ሰንብቶ ግን «ደንበኛ እያጣሁ ነው፤ ዳቦው ጥድ ጥድ ሸተተ እያሉኝ ነው» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የቀረውንም ቤቴ ጣሪያ ላይ አስጥቼ ጨረስኩ።

ውጤቱ ከፈራሁትም የባሰ ነበር። አናቱ ላይ ያለው ቅጠል እሳት ያለ ምንም ችግር ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሳልፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደረቅ ነገርም ከመሬት እንዲወጣ የሚያደርገው ነው። ባዶው መሬት ይጠረግ፣ ችግኙ ወደ ተራራው ጀርባ ይዛወር፣ ሴቶቹ ደረቁን ቅርንጫፍ እየሰበሩ እንዲወስዱ ይፈቀድላቸው ብዬ ጻፍኩ። አደጋውን «ከፍተኛ» አልኩት። ጽሑፉ ከአለቃዬ ዘንድ ሲመለስ «መካከለኛ» ሆኖ ነበር። ይዛወር ያልኩት ችግኝ «እንክብካቤው ይጠናከር» ሆኗል። ስለ ሴቶቹ የጻፍኩት ጭራሽ የለም። ቢሮው ገብቼ የሰው ቤት እኮ ነው ስለው «የአክስትሽ ቤት እዚያ መኖሩን እሰማለሁ። ሰው የግል ነገር አለባት እንዳይልሽ ነው የምጠነቀቅልሽ» አለኝ። የምጠነቀቅልሽ! ሰውዬው ለእኔ እየተጠነቀቀ ነበር።

የቀረኝ አክስቴን ማስወጣት ነበር። በጋውን አዳማ እኔ ጋ ቆዪ ብዬ ለመንኳት።

«አዳማ? የአዳማ ሙቀት ይገድለኛል» አለችኝ። «እሳት ሳይመጣ በሙቀት ልሙትልሽ?»

«እትዬ፣ እኔ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ይህን ቤት የሠራሁት ልቀመጥበት ነው። ደግሞስ እሳት ዛፍ ባለበት አገር ሁሉ ከመጣ ሰው የት ይኖራል?»

ተጣላን። ለወጉ ያህል በስልክ ደህና ነሽ ወይ መባባል አልቀረም፤ ፍቅሩ ግን ቀዝቅዞ ነበር። እኔን ያናደደኝ ደግሞ የእሷ እምቢታ አልነበረም። መሄድ ያለባት እሷ መሆኗ ነው። በቦታው ያለችው እሷ፣ ቤቷን የሠራችው ባዶው መሬት ባዶ እያለ፣ ልቀቂ የምትባለውም እሷ። ችግኞቹን ልቀቁ የሚላቸው የለም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ደወለችልኝ። ከጀርባዋ ጩኸት ይሰማል። «ደኑ ተያይዟል። አዴ አልነሳም ብለዋል። ነይ!» አለችኝ። አዴ የሚሏት አክስቴን ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ እንደዚያ ነው የሚያከብራት።

ከአዳማ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። የማስታውሰው መቂ ላይ ሽንኩርት የሚጭኑ መኪናዎች መንገዱን ዘግተው፣ ደላሎቹ እየተጯጯሁ፣ እኔ ከሚኒባሱ መስኮት አንገቴን አውጥቼ የማላውቃቸውን ሰዎች ስሳደብ ነው። ከዚያ እንዳለፍን ጭሱ ታየኝ። ነጭ አይደለም፤ ጥቁር ነው። ጭሱን ሳይ እሳቱ የዛፎቹ አናት ላይ እንደወጣ ገባኝ።

ስደርስ እሳቱ የደኑን የላይኛውን ጫፍ ይዞ ወደ ቤቶቹ እየወረደ ነበር። የጥድ አናት ሲቀጣጠል የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ከባድ መኪና ዳገት እየወጣ ያለ ይመስላል። ሰው ፍራሽና ሳጥን ተሸክሞ ይሮጣል። አክስቴ ግቢዋ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት አልነሳም ብላለች።

«እትዬ፣ ተነሺ!»

«ጉልበቴ እኮ» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። «እንቅፋት እሆንባችኋለሁ። መንገዱም በዚያ በኩል ነው።»

ያን ጊዜ ነው እምቢታዋ ምን እንደነበረ የገባኝ። ግትርነት መስሎኝ ስቆጣ የከረምኩት ፍርሃት ነበር። እኔና ሁለት ጎረቤቶቿ ከነወንበሯ አነሳናት። በር ላይ ስንደርስ ፍም ከላይ እየበረረ መጥቶ የታጠረው ሣር ውስጥ ወደቀ፤ ወዲያው ያዘው። የሰፈሩ ወጣቶች አጥሩን ጥሰው ገብተው በቅርንጫፍ እየደበደቡ አጠፉት። ሌላ ፍም ወደቀ፤ እሱንም አጠፉት። እኛ ከነወንበሯ ቆመናል፤ መንገዱ በጭስ ተሸፍኗል፤ የምንሄድበት የለም።

ነፋሱ ዞረ። ሌላ ምንም አልነበረም። ማንም ያደረገው ነገር የለም፤ ነፋሱ ዞረ፤ እሳቱም ፊቱን መልሶ ተራራውን አልፎ በጀርባው በኩል ሄደ። እዚያም ጎርፍ የቦረቦረው፣ ማንም ዛፍ ያልተከለበት ባዶ መሬት አገኘውና የሚበላው አጥቶ ሞተ።

በማግሥቱ አለቃዬ ከእንግዶች ጋር መጥቶ የተቃጠለውን ዞሮ አየ። አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰው እየሰማ «ባለሙያችን ብዙ ስጋት ነበራት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይኸው ቤቶቹ ቆመዋል፤ መካከለኛ ማለታችን ልክ ነበር» አለ። እኔን እያየ ነው ያለው፤ ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ነፋስ በመዞሩ እሱ ልክ ሆነ። በሕይወቴ ሰው መምታት ያማረኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልመታሁትም። «ነፋሱን እርስዎ ነዎት ያዞሩት?» አልኩት። እንግዶቹ ሳቁ፤ የሳቁት ቀልድ መስሏቸው ነው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ አክስቴ ጠራችኝ። «እስቲ ያን ቱቦሽን አምጪው» አለችኝ። መጋደም ስለማትችል ወንበሯን ካልተቃጠለው ጥድ ሥር ወሰድኩላት። ቱቦውን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቀና አለች። ወዲህ አዞረችው፣ ወዲያ አዞረችው።

«ሰማይ የለም» አለችኝ።

«የለም።»

«ያ ሰውዬም በዚህ አይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። እኔ ግን ነግሬዋለሁ።»

ቱቦውን መለሰችልኝ። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ቤት ስንገባ ግን ምሳ እያቀረበችልኝ ብዙ አወራችኝ።

ክረምት ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ባዶው መሬት ባዶ ሆኖ ይቅርልን ብሎ ጠየቀ። መልሱን ታፔላው ላይ አገኘነው፤ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በእሳቱ ጊዜ የተረገጠውና የተለበለበው ችግኝ በአዲስ ይተካል ተባለ፤ ዳስ ተጣለ፤ እንግዶች መጡ። በአገራችን ደንብ ተከላው ከመጀመሩ በፊት ትልቅ ሰው ይመርቃል። ፕሮግራም መሪው ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ከእሳቱ የተረፉት እናታችን ይመርቁልን» አለ። የመረጣት አለቃዬ ነው፤ ለፎቶ ታምራለች። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ክንዴን ይዛ ተነሳች። አትሄጅም ልላት ነበር፤ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ስትይዘኝ ተውኩት።

ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። አለቃዬም ከፊት ሆኖ ዘረጋ።

«አገራችንን ሰላም ያድርግልን» አለች።

«አሜን!»

«ዝናቡን የምሕረት ያድርገው።»

«አሜን!»

«የወለዳችሁትን ያሳድግላችሁ። የታመመውን ይማርላችሁ።»

«አሜን! አሜን!»

«እዚህ ቦታ የምትተክሉትን ሥር አያስይዘው።»

«አሜን!»

ሕዝቡ በሙሉ ነው ያለው። አፉ ለምዷል፤ ድምፅዋም አልተለወጠም፤ ሲመረቅ የኖረ ሰው ምን እንደተባለ ሳይሰማ አሜን ይላል። የአለቃዬ አሜን ለድምፅ ማጉያው ስለቀረበ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አለቃዬ መዳፉን እንደዘረጋ ቀርቶ ወደ እኔ ያያል። ፕሮግራም መሪው ማጉያውን ተቀበላትና «እናታችን ደክሟቸው ነው» አለ።

«አልደከመኝም» አለች አክስቴ፤ ማጉያው ግን ተዘግቶ ነበር።

ሙዚቃ ተከፈተ። እንግዶቹ ጓንት አጠለቁ፤ ጉድጓዱ ቀድሞ ስለተቆፈረ ብዙም አልቆዩም፤ ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። እኔና አክስቴ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጠን መኪናዎቹ ሲወጡ አየን። ያ ክረምት ከከረሙት ሁሉ ጥሩ ሆነ፤ ሐምሌንም ነሐሴንም ሳያቋርጥ ዘነበ። መስከረም ላይ ሄጄ ተከላውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። አንድም የደረቀ ችግኝ አላገኘሁም።